የአሮጌው ከርነል ገበር

ጎረቤቴ ሳታንኳኳ ገብታ አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት በር ለበር ስንኖር፣ በሬን ገርበብ ብሎ እንኳ ብታገኘው ሁለቴ ኳ ኳ አድርጋ «እትዬ፣ አሉ?» ሳትል እግሯን አታስገባም። ያን ረቡዕ ጠዋት ግን በሩ ብርግድ አለና፣ በባዶ እግሯ፣ ኮምፒውተሯን እንደ ትሪ በሁለት እጇ ይዛ መሀል ቤቴ ቆመች። በድንጋጤ የስፌት መኪናዬን መርገጫ ከልክ በላይ ረግጬው መርፌዋ ቀጭ ብላ ተሰበረች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺማ አንቺ ነሽ። ማን ሆነሽ ልትመጪ ኖሯል?»

«እንደሱ አይደለም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እኮ!»

ፊቷ አመድ መስሏል። ወንበር ሳብኩላት። ወንበሩ ላይ የደንበኛ ቀሚስ ነበር፣ አሁን ተኩሼ ያስቀመጥኩት፤ እሱ ላይ ዘፍ አለች። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እኔ ተኩሼ ባስቀመጥኩት ልብስ ላይ ሰው ተቀምጦ ዝም ማለቴ ምን ያህል እንደደነገጥኩ ለሚያውቀኝ ሰው ይበቃዋል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የገባኝን በገባኝ መንገድ ነው የማወራው፤ የተማረ ሰው ቢስቅ ይሳቅ፣ ሳቅ ጤና ነው።

በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ከርነል የሚሉት ነገር አለ። እንደ ኮት ገበር ማለት ነው፤ ማንም አያየውም፣ እሱ ከሌለ ግን ኮቱ ኮት አይሆንም። ጎረቤቴ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ አሮጌ ከርነል አለ፤ ጠባቂው እሷ ናት። ድሮ «አዲስ እያለላችሁ አሮጌው ምን ያደርግላችኋል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ጋ የሚመጣው ሁሉ አዲስ ኮት ያሰፋል?»

አፌን አስያዘችኝ። ግማሹ ሥራዬ አሮጌ ኮት ነው። ሰው የለመደውን ኮት አይጥልም፤ ክርኑ ሲሳሳ ይዞት ይመጣል እንጂ። ትልልቅ ድርጅቶችም የለመዱትን ከርነል አይጥሉም አለችኝ። ስለዚህ አዲሱ ላይ አንድ ቀዳዳ ሲደፈን፣ ያቺኑ መድፈኛ በአሮጌው ልክ ቆርጦ መግጠም ያስፈልጋል። ይሄንን ባክፖርት ይሉታል። መድፈኛዋን ደግሞ ፓች።

«ፓች ማለት እኮ መጣፊያ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ለመጣፍ ነው?»

«እርስዎም ተምረው ቢሆን አብረን እንጥፍ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የሙያ ጓደኛዬ አድርጌ ነው የማያት።

ታናሽ ወንድሟም እዚያው መሥሪያ ቤት ነው። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሥራውንም ያስገባችው እሷው። እኔ ሰውን የማስታውሰው በሜትር ነውና እሱን ቀጭኑ እለዋለሁ፤ ወገቡ ሰባ ሴንቲ ነው። አለቃቸው አንዴ እኔ ዘንድ ሱሪ አሳጥሮ ያውቃል። ወገቡ መቶ አስር ነበር፤ በቃ፣ ስሙ መቶ አስር ሆኖ ቀረ።

ቀጭኑ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነው። ሥራው ፈተና ማዘጋጀት ነው፤ ለተማሪ ሳይሆን ለከርነል። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አለ፣ ያውም በአካል የሌለ፣ ሲለኝ መቀሴ ከእጄ ወድቋል። ቨርቹዋል ነው የሚሉት። ውስጠኛውን «እንግዳ»፣ ውጪኛውን «ባለቤት» ይሉታል። እንግዳ በተሰጠው ክፍል ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም። የቀጭኑ ፈተና እንግዳ መስሎ ይገባና የባለቤቱን የጓዳ በር ገፋ ያደርጋል። በሩ ካልተከፈተ ከርነሉ አለፈ፤ ከተከፈተ ወደቀ።

ተከፈተ። አሥር ጊዜ ቢሞክረው አሥር ጊዜ ተከፈተ።

ይሄ ከዚያ ረቡዕ ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሰኞ ስብሰባ ላይ መቶ አስር ጎረቤቴን ጠየቃት፤ የከርነሉ ጠባቂ እሷ ናታ። እሷም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ወንድሟም በተቀመጠበት፣ «ከርነሉ ምንም አልሆነም። ፈተናው ነው የተሳሳተው። የጻፈው ልጅ ገና አልበሰለም» አለች። ላለማዳላት ብላ ነው። ዘመዷን ቀጠረች እንዳይሏት ፈርታ፣ ለባዕድ የማትለውን ለወንድሟ አለችው። መቶ አስር ወዲያው ፈተናውን ከዝርዝሩ አወጣው፤ ቀጭኑንም ደንበኛ ስልክ ወደሚመልሱበት ክፍል ሰደደው። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ይታሰብበታል ተባለ። የሚያልቀው ደግሞ ጎረቤቴ ሳታንኳኳ በገባችበት ሳምንት ዓርብ ነበር።

ቀጭኑ ማታውኑ ልብሱን በአንድ ቦርሳ አድርጎ ከእህቱ ቤት ወጥቶ ጓደኛው ጋ ሄደ። ኮሪደሩ ላይ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ጆሮዬን አልለጠፍኩም፤ በሬ ነው ቀጭን።

«እታለም፣ በቃ ተይው» አላት። «ፈተናው ተሳስቷል ይባል። አንቺ ግን ሄደሽ አትፈልጊው እሺ?»

«ምኑን ነው የማልፈልገው?»

«ምንም። ምንም አትፈልጊ።»

እኔ ኩርፊያ መስሎኝ «ይሄ ልጅ ደግሞ ነገር ያሳምራል» ብዬ ወደ ስፌቴ ዞርኩ። እንዲያጥርለት ሰጥቶኝ የነበረውን ጥቁር ሱሪም ሳይወስደው ቀረ። አሳጥሬ፣ አጥፌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እሷ በየቀኑ ትገባለች ትወጣለች፤ ስለ እሱ ብጠይቃት «ደህና ነው መሰለኝ» ትላለች። ወንድምን «መሰለኝ» ሲሉት ያስደነግጣል።

እንግዲህ ወደ ረቡዕ ልመልሳችሁ፤ ቀሚሱ ላይ እንደተቀመጠች ነው።

አንድ ደንበኛ ማሽኑ ዝም ብሎ ደርቆ እየቀረ አስቸግሮት አቤት ሲል፣ ምናልባት አዲሱ ከርነል ላይ የተስተካከለ ነገር ካለ ብላ የለውጦቹን መዝገብ፣ አደረች አልል፣ ከማለዳ ጀምሮ ስታገላብጥ ነበር። ሁለት መድፈኛ አገኘች፤ ሁለቱም የጓዳውን በር ይመለከታሉ። ከገቡ ገና ሳምንታቸው ነው። እያንዳንዱ መድፈኛ ከሥሩ ማስታወሻ ይጻፍበታል፤ ማን እንዳስተካከለው፣ ማን ጥፋቱን እንደጠቆመ፣ ጥፋቱ መጀመሪያ በየትኛው ለውጥ እንደገባ።

«ያንብቡት» አለችና ኮምፒውተሩን አዞረችልኝ።

«እኔ ይሄን ቋንቋ የት አውቄ? አንቺው ንገሪኝ።»

«ጥፋቱን የጠቆመው...» አለችና ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «ወንድሜ ነው። በራሱ አድራሻ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳያነሳ ለአዲሱ ከርነል ሰዎች ጽፎላቸዋል። ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን።»

«እልልታ ነው እንጂ ታዲያ ምን ያስለቅሳል! ልጁ ልክ ነበራ!»

«ቀጣዩ መስመር፣ እትዬ። ጥፋቱ የገባበት ለውጥ። አርዕስቱን ያውቃሉ? ‹ትንሽ ጽዳት› ይላል። ከስድስት ዓመት በፊት፣ አሮጌው ከአዲሱ ሳይለይ፣ እኔ የጻፍኩት ነው። አንድ የማይጠቅም የመሰለኝን መስመር ለጽዳት ብዬ አወጣሁት። ለካ በሩን የሚቆልፈው እሱ ነው።»

እኔ አሁን በተራዬ ተቀመጥኩ። የሰው ሥራ እየተቸሁ ገበር ፈትቼ፣ ውስጡ የራሴን ስፌት ያገኘሁበት ቀን አለ። የዚያን ቀን ጆሮዬ ድረስ ሞቆኛል፤ ያየኝ ግን የለም። የእሷ ግን ዓለም ሁሉ በሚያየው መዝገብ ላይ ነው።

«አልጨረስኩም» አለች። «አስተካካዩ ሰውዬ ወንድሜን ‹ይሄ ጥፋት በየትኛው ለውጥ እንደገባ አይተሃል?› ብሎ ጠይቆታል። እሱ ምን እንዳለ ያውቃሉ? ‹አላየሁም።›»

«ላያይ ይችላላ።»

«አይችልም! መዝገቡን ለሁለት መክፈል፣ የተበላሸውን ግማሽ እንደገና ለሁለት መክፈል፣ እንዲያ እያሉ ማጥበብ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አይቶታል፣ እትዬ። ያን ማታ ኮሪደሩ ላይ ‹አትፈልጊው› ሲለኝ አይቶታል።»

ታች መንገዱ ላይ አንድ ሰው መኪናውን ማስነሳት አቅቶት ያነጥሳታል። ‹አልበሰለም› ያለችው ልጅ፣ እሷን ከማስነካት ብሎ ሞኝ መባልን መርጦ ሦስት ሳምንት ስልክ ሲያነሳ ሰንብቷል። እኔ ደግሞ ኩርፊያ ብዬው ነበር። እንዲያው ምን ይባላል?

«አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

«ደብዳቤ ልጽፍ። የአሮጌ ከርነሎች ጠባቂዎች አሉ፣ ከኛ መሥሪያ ቤት ውጪ፤ የኛም አሮጌ ከነሱ ነው የሚመጣው። እነዚህን ሁለት መድፈኛዎች ወደ አሮጌውም አምጡልን ብሎ መጠየቅ ነው። የሁሉ ሰው ዓይን ያየዋል።»

እዚያው የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጻፈችው። ጠመኔና ሜትሬን ገፋ አድርጌ ቦታ ለቀቅኩላት። የመጀመሪያው ረቂቋ ሁለት መስመር ነበር፤ የሁለቱ መድፈኛዎች ቁጥርና «እባካችሁ ውሰዱልን»። በቃ።

«ቁጥር ብቻ?» አልኳት። «ምን ሆነ ብለው አይጠይቁም?»

«ቁጥሩን ከፍተው ማየት ይችላሉ።»

«ይችላሉ። መቶ አስርስ? እሱ ቁጥር ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው? የራሱን ወገብ ቁጥር እንኳ ስነግረው ሜትርሽን ቀይሪ ያለኝ ሰው ነው።»

ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ጠፋ። ጣቷን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ መለሰች። ከዚያ ጻፈች፤ እየጻፈችም ለእኔ በአማርኛ ትለው ነበር። ፈተናው አሮጌው ላይ እንደሚወድቅ፤ በሁለቱ መድፈኛዎች ግን ማለፍ እንዳለበት። «ፈተናው ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር። ተሳስቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱን ያስገባሁትም እኔ ነኝ።» መቶ አስርንም እንዲደርሰው ስሙን ጨመረች። ላክ የሚለውን ስትጫን ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ጨፈንኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ስድብ ጠበቅን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ።

«አንደኛውን ወስደናል፣ እናመሰግናለን። ሁለተኛው በአሮጌው ላይ አልገጠመም። በልኩ የተስተካከለ ካለ ይላክልን።»

«ይሄው ነው?» አልኩ። «ስድስት ዓመት ጓዳ ከፍተሽ፣ ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው» አለች፤ ስድቡ በመቅረቱ የተከፋች ትመስላለች።

ሐሙስ ቀኑን ከእኔ ጠረጴዛ አልተነሳችም። ሁለተኛውን መድፈኛ በዚህ ትቆርጠዋለች፣ በዚያ ትቀጥለዋለች፤ ፈተናውን ታስኬዳለች፤ ይወድቃል። አንደኛው ብቻውን በሩን ገርበብ ያደርገዋል እንጂ አይቆልፈውም አለችኝ። ዓርብ ደግሞ ነገ ነው። ፈተናው ካላለፈ መቶ አስር «ያው ተስተካክሎም ይወድቃል፣ ፈተናው ራሱ ነው» ይላል፤ ቀጭኑም ይሰናበታል።

«ወንድምሽ ጋ ደውይ።»

«በምን አፌ?»

«ባለሽ አፍ ነዋ። ሁለት አለሽ?»

አልደወለችም። ስለዚህ እኔ ወደ ኩሽና ገብቼ ደወልኩ። ውሸት አልወድም፤ ግን ከያዝኩ አጥብቄ ነው የምይዘው።

«ቀጭኑ፣ ጉድ ሆነሃል። ሱሪህን አሥር ሴንቲ አብልጬ ቆረጥኩብህ።»

«አሥር ሴንቲ?!» ብሎ ጮኸ። «እትዬ፣ ነገ እኮ አለቃዬ ጋ የምለብሰው ሌላ ሱሪ የለኝም!»

«ናና እየው።»

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጥቶ በሬን ሳያንኳኳ ገባ፤ ቤታቸው የሆነ በሽታ ገብቷል መሰለኝ። እህቱን ሲያይ ባለበት ደረቀ።

«ሱሪው የታለ?» አለ እኔን።

«ሱሪው ይደርሳል። ተቀመጥ።»

እሷ ተነሳች። ይቅርታ የምትለው መስሎኝ ዞር ልልላቸው ስል፣ ቀድሞ እሱ ጮኸባት፤

«ለምን ጻፍሽው? አንብቤዋለሁ! እኔ ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት አፌን የዘጋሁት? ከርነሉን ከእጅሽ ቢወስዱብሽስ?»

«ይውሰዱብኛ! አንተ ማን ሆነህ ነው ስለኔ የምትዋሸው? ‹አላየሁም›? አንተ?»

«አልበሰልኩም ብለሽ የለ! ያልበሰለ ሰው አያይም!»

«የኔ ጌታ...» አለችና አንድ እርምጃ ቀረበችው። «እሱን ሰው ፊት ነው ያልኩት። ሰው ፊት ነው የማነሳው። ጽፌዋለሁ፣ አንብበኸዋል። ለአንተ ብቻዬን ደግሞ እንዴት እንደምልህ ጠፋኝ።»

እሱ ጫማውን አየ። እኔ የተሰበረውን መርፌ የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ፤ ትናንት ነው የጣልኩት።

«ሁለተኛው አልገጠመም አሉሽ አይደል?» አለ ቀጭኑ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሲያታግለኝ ዋለ።»

«በምን ይገጥማል! ከሱ በፊት የምትገባ አንዲት ትንሽ አለች። ሦስት መስመር ናት። አዲሱ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ስለገባች ማንም አላሰባትም። እሷን ካላስገባሽ የሁለተኛው ክር የሚይዘው ነገር የለውም። ቦታ ልቀቂልኝ።»

ቦታ ለቀቀችለት። ያን ቀሚስ አንስቼ ሰቀልኩት፤ ካሁን በኋላ ዳግመኛ መተኮሱ አይቀርለትም። ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ሲል ሌላው «እ» እያለ፣ ሲመሽ ፈተናውን አስኬዱት። በሩ ተገፋ። አልተከፈተም። ደገሙት። አልተከፈተም። አሥር ጊዜ። እሷ በአሥራ አንደኛው ጊዜ «በቃ አምነናል» ስትለው «ዝም በይ፣ አስራ ሁለት ላድርሰው» አላት። ከዚያ ትንሿንና ሁለተኛውን አንድ ላይ ላኩ።

ዓርብ ጠዋት ከጠባቂዎቹ መልስ መጣ። «ሁለቱንም ወስደናል፣ እናመሰግናለን።» አሁንም ይሄው ነው። እነዚህ ሰዎች የደስታ ቀናቸው ላይ ምን እንደሚናገሩ እንጃ።

ከዚያ መቶ አስር ደወለ። ጎረቤቴ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተችው፤ ሁለቱም ቆመው ነው የሚሰሙት፤ እኔም ቆምኩ።

«ደብዳቤሽን አየሁት» አለ። «አሮጌው ከአንቺ ጋር ይቆያል። ግን ከዛሬ ጀምሮ ብቻሽን የምትነኪው መስመር አይኖርም፤ ሁሉን ወንድምሽ ይፈትነዋል። የእሱን የሥራ ውል ማራዘሚያ ስምንት ሰዓት ላይ ይምጣና ይፈርም።»

ቀጭኑ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ለመሆኑ» አለ መቶ አስር፣ ድምፁን ጠንከር አድርጎ፣ «ያን ፈተና ከዝርዝሩ ያወጣው ማን ነው?»

እህትና ወንድም ተያዩ። ስልኩ ውስጥ የወንበር ሲጥጥ ማለት ተሰማ፤ ሰውዬው ትዝ እያለው ነው።

«ይመለስ» አለና ዘጋው።

ጩኸቱን ልተውላችሁ። ጎረቤቴ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እሱ በስምንት ሰዓት በስምንት ሰዓት ይላል። እኔም የአሥር ሴንቲው ነገር ውሸት እንደነበረ ነገርኳቸው። ቀጭኑ «እትዬ፣ ልቤን አወለቁት እኮ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ሱሪውን ከመደርደሪያ አወረድኩ፤ በኩራት አራግፌ ሰጠሁት። ጓዳ ገብቶ ለብሶ ወጣ።

ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። ካልሲው ሙሉ ለሙሉ፣ ላስቲኩ ሳይቀር ይታያል።

ዓይኔን አላመንኩም። ጎንበስ ብዬ የሱሪውን ቁመት ለካሁ። ሰማንያ ዘጠኝ። ይሄ ልጅ እንዴት ሰማንያ ዘጠኝ ይሆናል? ሁለቱም ያዩኛል፤ ስምንት ሰዓት እየመጣ ነው፤ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ፤ አፌም ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ፤

«ሜትሩ ነው የተሳሳተው!»

ጎረቤቴ እጇን ሰደድ አድርጋ የልኬት ደብተሬን ከመሳቢያው አወጣችና ገልጣ ከፊቴ አስቀመጠችው። በገዛ ጽሑፌ፣ በትልቁ፣ 98 ይላል።

መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ አደረግኩ። ያው 98 ነው።

«አምጣው» አልኩ ቀጭኑን። «አውልቀህ ስጠኝ። ቅምቅማቱ ውስጥ ጨርቁን አልቆረጥኩትም፣ ይለቀቃል። እኔ ነኝ።»